ጧሪ ያላት ትገብራለች

ግብሩ ብዙ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አገሩ ሁሉ «ለማትረባ ብር ብላ የባሏን ወንድም በሕዝብ ፊት አዋረደችው» ስለሚለኝ ነው። ያለኝ መሬት ሁለት ቁራሽ ነው። አንዱ ከቤቴ በታች ያለው የስንዴ ማሳ ነው። ሌላው ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ፣ ከባቄላ በቀር ምንም የማይወድ ድንጋያም ነው። የሁለቱ ግብር አንዲት ዶሮ ተሸጣ ይከፈላል፤ ዶሮ ደግሞ አላጣሁም። እኔ የፈራሁት ደረሰኙን ነበር።

ባሌ ከሞተ ጀምሮ መሬቴን የእኩል የሚያርሰው ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። እኩሉን ይወስዳል፣ እኩሉን ያስገባልኛል፤ ሰው እንደሚያደርገው። ሁለት ልጆች ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ፤ ስለ እነሱ እዚህ አልጽፍም። ዳሌዬ የተሰበረው ከምንጭ ስመለስ በረዶ የጣለበት ድንጋይ አንሸራቶኝ ነው። አጥንቱ ገጠመ ተባለ፣ ግን ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ከደጄ አልወጣም።

የዚያን ዓመት ግብር ሲደርስ ዋርሳዬ መጣና፣ «እትዬ፣ በዚህ እግርዎ ወንዝ ተሻግረው ቀበሌ ድረስ ምን ያንከላውስዎታል? ለራሴ ስሄድ የእርስዎንም እከፍለዋለሁ» አለኝ። አመሰገንኩት። በሚቀጥለው ዓመት ሳልጠይቀው ከፈለ። በሦስተኛውም ከፈለ። ደረሰኙን ስጠይቀው «ቤት ነው፣ የትም አይሄድም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ የትም አልሄደም። ሚስቱ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ለጎረቤቷ፣ እኔ እንድሰማ አድርጋ፣ «የእሷንም መሬት እኮ እኛ ነን የምንገብርበት» ስትል ነው የገባኝ። ቀጥሎ በነበረው ክረምት ደግሞ በማሳዬ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች፣ ባሕር ዛፍ ተተከለ። የእኩል አራሽ ስንዴ ይዘራል፤ ዛፍ አይተክልም። ዛፍ የሚተክል ሰው እዚያው ለመቅረት ያሰበ ነው።

የይዞታ ደብተሩ ላይ የእኔና የባሌ ፎቶግራፍ አለ። ግን ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት «የጦርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ደረሰኝ ለያዘ ሰው መሬቱ እንደሚሄድ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እስክሞት መጠበቁም ቀርቶ ነበር። በቁሜ መሬቴ ላይ ዛፍ በቅሎብኛል። ንቀል እንዳልለው በሬ የለኝም፤ ቢቆጣና ቢተወኝ ማን ያርስልኛል? እሱ ግብሬን መክፈል ከጀመረ ወዲህ፣ እንዲህ ሆኜ ሦስት ዓመት ዝም አልኩ።

መውጫውን ያሳየችኝ ጎረቤቴ ናት። እስላም ናት፤ ባሏ የቁርአን መምህር ነበር፣ ሞቷል። አንድ ዓይኗ ፈሷል፣ ሁለተኛውም ጭጋግ ለብሷል፤ ወደ ምንጩ የምትወርደው መንገዱን እግሯ ስለሚያውቀው ነው። እኔ ከወደቅሁበት ቀን ጀምሮ የራሷን ጀሪካን አድርሳ ተመልሳ የእኔን የምትቀዳው እሷ ናት። አንድ ጠዋት ውሃውን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፤

«እታለም፣ እኔን እኮ ዘንድሮ ከግብር ነጻ አደረጉኝ። ያረጀና አካሉ የተጎዳ፣ የሚጦረው የሌለው ሰው አይገብርም ተባለ። ስምሽ ይነበባል፣ ሰው ይመሰክራል፣ አለቀ።»

«ታዲያ እኔን ምን ይጠቅመኛል?»

«የማይገብር ሰው ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ደረሰኝ ከሌለ የሚከፍልልሽ ከየት ይመጣል? አብሽሪ፣ ዛፉንም ነቅሎ ይወስዳል።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብዬ አልዋሽም፤ ደህና ተኛሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ደህና እንቅልፌ ነበር።

ለነጻነቱ የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል ስላሉኝ፣ መካነ ሰላም ሆስፒታል ለመሄድ ከወግዲ የሚመጣውን መኪና መንገድ ዳር ተቀምጬ ጠበቅሁ። የመረመረኝ ሐኪም ልጅ እግር ነው። ዳሌዬን ነካክቶ ሲያበቃ «ቤት ውስጥ ማን ይረዳዎታል?» አለኝ። «ሰው አላጣሁም» አልኩት። ብዕሩን አንሥቶ አየኝና፣ «እማማ፣ ለወረቀቱ እኮ ነው፤ ሰው ካላጡ ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን መልስ አስቤ አልመለስኩትም፤ አፌ ለምዶት ነው። ምስኪን የሚባለውን ቃል እጠላለሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ እያሉ ሲያወርዱብኝ የሰነበቱት ቃል ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የዋርሳዬ ሚስት። ያች ሴት በሣልስቱ ዕለት ምስኪን እያለች አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ባሏ ከደጅ ማሳውን በእርምጃ ይለካል። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ገዛ ጥፋቴ ልምጣ።

እኛ ቅሬ አለን፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ነን። ሰው ሲሞት ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቷ እህል ይዛ ትወጣለች፣ የቀረ ይጠየቃል። የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ከቆጠሩት ሴቶች ያልረሳሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ደብተሩ ከሣጥኔ ሌላ አድሮ አያውቅም። ዳሌዬ የተሰበረ ዓመት የቅሬው ዳኛ፣ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፣ መውጣት ያልቻለ ሁሉ የሚወጣለትን ሰው ስም ያስመዝግብ አሉ። አሮጊቶቹ በተራ ይነሣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «ልጄ ይወጣልኛል።» እጽፋለሁ። «የልጅ ልጄ ይወጣልኛል።» እጽፋለሁ። ሲጨርሱ ዳኛው ወደ እኔ ዞሩና፣

«የአንቺንስ?» አሉ።

የዋርሳዬ ሚስት ከኋላዬ ተቀምጣለች፤ አፏን ስትከፍት ሰማኋት። ያ ቃል እንደሚወጣ አወቅሁ። እንዳይወጣ ቶሎ ብዬ የባሌን ወንድም ስም ጻፍኩ። ለዚያ ለዚያ ተወካይ ማለት ይበቃ ነበር፤ የተጠየቅሁትም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ከስሙ ፊት «ጧሪዋ» የሚል ቃል ጨመርኩ፤ ጨምሬም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ዋርሳዬ ገለባ እያኘከ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ ገለባውን ማኘክ ቀጠለ። ረስቶታል ብዬ ነበር።

ስማችን የተነበበው ጥር ውስጥ ነው፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ካለው ጥድ ሥር። ዝርዝሩን የያዘው የኮሚቴው ሰብሳቢ ገና ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ እንዲያውም አጥብቆ ደንብ የሚያከብር ነው፤ ለእኔ የከፋኝም ይኸው ነው። የአንድ ዕውር ሽማግሌ ስም አነበበ፣ የተቃወመ የለም። የእኔን አነበበ። ዋርሳዬ ቆቡን አውልቆ ተነሣ።

«እኔ እትዬን አልቃወምም» አለ። «ነጻ ቢሆኑ ደስታዬ ነው። ግን ጧሪ የላቸውም የሚለው ነገር አጥንቴ ድረስ ገባ። ወገን፣ እኔ ምንድን ነኝ? ስንት ዓመት የገበርኩላቸው እኔ፣ ያረስኩላቸው እኔ። ሰው በቁሙ እንዲህ ይካዳል?»

«እውነቱን ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ያርስልኛል እንጂ አይጦረኝም» አልኩ። «የሚያርሰውም እኩሉን ወስዶ ነው። ገብርልኝም አላልኩት።»

«የቅሬው ደብተር ይምጣ» አለ ዋርሳዬ። «እትዬ በገዛ እጃቸው የጻፉት አለ።»

ደብተሩ ያለው እኔ ቤት፣ ሣጥኔ ውስጥ፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። ጠፍቷል ብል ማን ሊፈትሽ? ወንዙን ተሻግሬ ቤቴ ስደርስ፣ ሣጥኑን ስከፍት፣ ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። እሳቱ ደግሞ አልጠፋም። ግን በዚያ ደብተር ውስጥ የአገሩ ሙታን ሁሉ አሉ፤ የባሌም፣ የልጆቼም ስም በእጄ ተጽፎ አለ። ያቺን አንዲት መስመር ለማጥፋት እነሱን አላቃጥልም። እያነከስኩ ይዤው ተመለስኩ። ሕዝቡ አልተበተነም፤ በእኔ እግር ሂዶ መመለስ ስንት እንደሚፈጅ እያሰሉ ጠብቀውኛል።

ሰብሳቢው ገጹን አገኘና አነበበ። «ጧሪዋ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመው።

«የማን ጽሕፈት ነው፣ እማማ?»

«የእኔ ነው።»

«አስገድዶዎት ነው የጻፉት?»

«እኔን የሚያስገድድ አልተወለደም» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ዋርሳዬ አብሮ ሲስቅ ነው።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ ተነሣች። ማንም አልጠራትም።

«ወላሂ ብዋሽ አላህ ይቺንም ዓይኔን ይውሰዳት!» አለች። «ዳሌዋ ከተሰበረ ጀምሮ ውሃ የማመላልስላት እኔ ነኝ። ይሄ ሰውዬ አንድ ጀሪካን አምጥቶላት አያውቅም። ስትታመም የማድረው እኔ፣ ገንፎ የማገነፋው እኔ። ጧሪ ውሃ የሚቀዳው ነው ወይስ ባሕር ዛፍ የሚተክለው?»

አሁን የተሳቀው በዋርሳዬ ነው። ቆቡን አጠለቀ። ተፈታሁ ብዬ ምርኩዜን ይዤ ስነሣ፣ ሰብሳቢው ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ አንድ ነገር አስቧል።

«እንግዲያው እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በእሳቸውም ሆነ በእኚህ እናት፣ ጧሪ አለዎት ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎስ፣ እናቴ? ዓምና አቅመ ደካማ ተብለው ነጻ የወጡ እኮ ነዎት። አቅመ ደካማ ሰው ይጦራል እንዴ?»

ጎረቤቴ ባንዱ ዓይኗ ወደ ድምፁ ዞራ ቆማ ቀረች። «ውሃ ነው እኮ የምቀዳው» አለች።

በዕለቱ አልተወሰነም። ቅሬው ተሰብስቦ ጧሪዬ ማን እንደሆነ ያረጋግጥ፣ ዳኛው ይፈርሙበት፣ በሁለት ሳምንት ይቅረብ ተባለ። አንድ ስም፣ ወይም ምንም።

እነዚያን ቀናት ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው የሰነበትኩት። የዋርሳዬ ስም እንዳለ ከቀረ፣ በገዛ እጄና በቅሬው ፊርማ መሬቴን አስረከብኩት ማለት ነው። የጎረቤቴን ስም ብጽፍ፣ እሱ ይወጣል፣ እኔ እየገበርኩ እቀጥላለሁ፤ ግን እሷ ከነጻዎቹ ትሰረዛለች። ማንንም ባልጽፍ ደግሞ በአደባባይ ቆሜ ያን የሸሸሁትን ነገር በአፌ መናገር አለብኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃውን ይዛ መጣች። ደብተሩን አየችው።

«የእኔን ጻፊ» አለች።

«ነጻነትሽን ያነሡብሻል።»

«ያንሡት። ግብሩ የአንድ ዶሮ አይደል? ዶሮ አላጣሁም።»

ይህ የእኔ ንግግር ነው፤ ከእኔ አፍ ወስዳ ነው። አሁን የምጽፈውን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን የሌላውን ጥፋት ስዘረዝር የራሴን ብዘል የዋርሳዬ ሚስት ሆኜ መቅረቴ ነው። አየኋትና፣

«አንቺም መሬቴን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

ጀሪካኑን አጋድማ ልታንቆረቁር የነበረውን አቆመች። «አንቺ ሴትዮ» አለች፣ «የጠመመው ዳሌሽ አይደለም፤ ልብሽ ነው። እሱን ደግሞ መካነ ሰላም አይጠግኑትም።» ውሃውን እንስራው ውስጥ ገልብጣ፣ ባዶውን አንጠልጥላ ወጣች። ለአራት ቀን አልመጣችም። በሁለተኛው ቀን እንስራው ደረቀ። በሦስተኛው ቀን በምርኩዝ ወደ ምንጩ ወርጄ ግማሽ ጆግ ውሃ ይዤ ለመመለስ እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ማን እንደሚጦረኝ ያን ቀን ወገቤ ነገረኝ።

ቅሬው እሑድ ተሰበሰበ። ዋርሳዬ ታጥቦ፣ አዲስ ጋቢ ደርቦ መጥቷል። ጎረቤቴ ከሴቶቹ ዳር ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ተቀምጣለች። ዳኛው ደብተሩን ከእጄ አልወሰዱም፤ ብዕሩንም እኔው ያዝኩት።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ጧሪሽ ማን ነው ልበል?»

«ማንንም አይበሉ።»

«የለም ልበል?»

«ይበሉ።»

«ይህን ነገር እኔ አልለውም» አሉ ሽማግሌው። «በአፍሽ በይው፤ ሰው ይስማሽ።»

ቆምኩ። ምርኩዜ አፈር ውስጥ ሲገባ ይታወቀኛል።

«ጧሪ የለኝም» አልኩ።

ቃሉ ወዲያው መጣ። ከአንዷ ሳይሆን ከአምስት ስድስት ሴቶች፣ እየተቀባበሉ፤ ምስኪን፣ ውይ ምስኪን። የዋርሳዬ ሚስት ከንፈሯን መጠጠች። በዚያ ሁሉ ውስጥ ዝም ያለችው ጎረቤቴ ብቻ ናት። ጎንበስ ብዬ «ጧሪዋ» የሚለውን ከነስሙ በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤ ዳኛው ከጎኑ ፈረሙ።

ዋርሳዬ ጋቢውን አስተካከለ። «ደህና እትዬ» አለ። «ጧሪ ካልሆንኩ አራሽም አይደለሁ። ቀባሪዎንስ ከየት ያመጣሉ?»

«ቀባሪዋ ቅሬው ነው» አሉ ዳኛው። «እሱን ለእኛ ተወው።»

ከግብር ነጻ ወጣሁ። ስሜ ከዕውሩ ሽማግሌ ቀጥሎ ተጽፏል። ደረሰኝ የሚባል ነገር በእኔ መሬት ላይ ከእንግዲህ አይቆረጥም፤ የፈለግሁት እሱን ነበር፣ አገኘሁት።

አሁን ሰኔ ነው። ከቤቴ በታች ያለው ማሳ በታረሱት ማሳዎች መካከል ሣር ለብሶ ጦሙን አድሯል። በሬ ያላቸውን ሁሉ አስጠይቄያለሁ። አንዱ «በሬዬ ታሟል» ይላል፣ ሌላው «ከወንድማማች ጣልቃ አልገባም» ይላል፤ የእኔና የዋርሳዬ ወንድምነት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከወረኢሉ መንገድ በኩል የሚመጣ አንድ ጎልማሳ ለመጪው ዓመት አያለሁ ብሏል። መሬት ዓመት በዓመት ጦሙን ካደረ ደግሞ ተነጥቆ ለሌላ የሚሰጥበት ደንብ እንዳለ ያ ደንብ አክባሪ ሰብሳቢ መንገድ ላይ አግኝቶ በትሕትና ነግሮኛል። ባሕር ዛፉ ግን ጦም አያውቅም። ደረቴ ደርሷል። አንዱን ልነቅል ሞክሬ ዳሌዬን አስታመምኩ።

ጎረቤቴ በአምስተኛው ቀን ተመልሳለች፤ ከቅሬው ማግሥት ማለት ነው። የመጣችው በደጅ አይደለም። በጓሮ በኩል፣ በቁልቋሉ አጥር መካከል ባለው ክፍተት ሾልካ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የደረሰችው።

«ማንም አላየኝም» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች።

«ለምን መጣሽ?»

«ለመሬትሽ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ቀድሜ ሳቅሁ ማለት እችላለሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ዝናቡ እንነጋገርና እንለያያለን። ስታመም ማደሩን ትተናል፤ ጭስ ቤቴ ገብታ ስትወጣ የዋርሳዬ ሚስት እንድታይ አንፈልግም። ውሃ የሚቀዳልኝ ሰው እንዳለ ከታወቀ እኔ ጧሪ ያለኝ እሆናለሁ፣ እሷ ደግሞ የምትጦር ጉልበተኛ ትሆናለች፤ ሁለታችንም እንሰረዛለን። ስማችን በየዓመቱ በጥር ይነበባል። እሷ በቁርአን ማዪ ከተባለች አትዋሽም፤ ዓይኗንም ብትሰጣቸው አትዋሽም። ይህን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንነጋገርበትም።

ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሲንኮሻኮሽ እነሣና የጓሮውን በር እከፍታለሁ። ውሃውን ወደ እንስራው በቀስታ፣ በጠርዙ በኩል እናንቆረቁረዋለን፤ ከላይ ሲፈስ ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል። ባዶውን ጀሪካን ስመልስላት ድንጋይ ነክቶ እንዳይጮህ በባሌ አሮጌ ጋቢ እጠቀልልላታለሁ፤ እሷም በእቅፏ አድርጋ፣ በእግሯ መንገዱን እየዳሰሰች፣ ተመልሳ በአጥሩ ትሾልካለች።